ሁለት ፍሬ

ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ሲሉ፣ በቸርችል ቁልቁለት፣
ሃያ ሁለት ዓመት ቆምኩ፣ በዚች ጠባብ መድኃኒት ቤት።
ሐሙስ ሊመሽ ሲል አንድ ልጅ ገባ፣ ሲሚንቶ ጫማው ላይ ደርቆ፣
ስምንት ደጅ «የለም» ሰምቶ፣ በዘጠነኛው ተሳቅቆ።
«ወንድሜ ነው፤ አንጁሎ። ጥቁር አንበሳ፣ ሰባተኛ ፎቅ፤
ከመወጣጫ እንጨት ወድቆ፣ ቁስሉ አልል አለ ድርቅ።»

ከማዘዣው ጀርባ የላቦራቶሪው ወረቀት ነበረ፤
ጣቴ ከላይ ጀምሮ፣ እንደ ዕድር ጸሐፊ ቆጠረ፦

አሞክሳሲሊን — ተላምዷል።
ሴፍትሪያክሶን — ተላምዷል።
ሲፕሮ — ተላምዷል።
ጄንታማይሲን — ተላምዷል።
ሜሮፔነም፣ ያ ውዱ፣ ያ «ከሱ ወዲያ የለም» ያልነው — ተላምዷል።

መድኃኒቱ ቢያንኳኳ፣ ጀርሙ ከመቀመጫው አይነሣም፤
የለመደው እንግዳ ነው፤ ውሻው እንኳ አይነክስም።

ከሁሉም ግርጌ፣ ለብቻው፣ አንድ ስም፦ ኮሊስቲን። ይሠራል።

መምህር ይትባረክ፣ ጠመኔ የነካው ኮታቸው ታየኝ፤
«ይሄ ኩላሊት ይበላል፤ ጡረታ ወጥቷል» ያሉን ድምፅ ተሰማኝ።
«ለፈተና ብቻ አንብቡት፤ ከዚያ እርሱት።»
እኛም ታዛዥ ልጆች ነን፤ ረሳነው። ሐኪሙም፣ መጋዘኑም ረሱት።
ለካ ሰው የረሳውን ጀርምም ረስቶት ኖሯል፤
ያልተጠራ ስም፣ ያልተነካ ስለት፣ ሳይዶለዱም ቆይቷል።

አሁን ከጡረታ ጠሩት፤ መጣ፣ የሰፋ ኮቱን ለብሶ፣
ከነቁጣው፤ ለጠላት ያነሣው ከዘራ
የቤቱንም ሰው ወገብ ሊመታ ተመልሶ።

እኔ ጋ የለም። ስልክ አነሣሁ፤ መርካቶ፣ ሜክሲኮ፣ ልደታ፤
ተክለ ሃይማኖት፣ ወይዘሮ ጽጌማርያም፣ ስትዘጋ ደረስኩባት ማታ።
«ስድስት ብልቃጥ አለኝ፤ ሁለት ወር ነው የቀረው ዕድሜው።»
ልጁ ሮጠ። ስድስት ብልቃጥ የሁለት ቀን ነው፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ እሱ ያውቀው።

በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። መቀሴ ባንኮኒው ላይ፣ አፉን ከፍቶ፤
ስንቱን ማሸጊያ ቆርጦልኛል፣ ስንቱን ሰው በሁለት ፍሬ ሸኝቶ።
ለታክሲ ረዳቱ ጉሮሮ ሁለት፤ ለሊስትሮው ጥርስ ሁለት፤
ለተማሪዋ ሳል ሦስት፣ አንዷ በዱቤ፣
«ሲሻለኝ እከፍላለሁ» ብላኝ፣ በእምነት።
አዝኜ ነበር እኮ። ብር የላቸውም ብዬ ነበር።
የአንጁሎን ጀርም ማን አሠለጠነው ብሎ
ልጁ ቢጠይቀኝ፣ ምን ልናገር?

እሑድ ጠዋት ወጣሁ፣ ሰባተኛ ፎቅ፤ ሊፍቱ አይሠራም።
ልጁ የሽንት ከረጢቱን ያያል፣ ዓይኑን ከዚያ አያነሣም።
ትኩሳቱ ወርዷል። የኩላሊቱ ቁጥር ወጥቷል።
ዶክተር ህሊና ብዕሯን ነክሳ፣
«ብናቆም ቁስሉ ይቀድመዋል፤
ብንቀጥል…» ብላ ዝም ትላለች።
አንጁሎ ውኃ ለመነኝ። ስንት ጉንጭ እንደጠጣ
ወንድሙ ጻፈው፣ በብስኩት ካርቶን ላይ።

ሰኞ ማለዳ ተራ አስከባሪው መጣ፣ አንገቱን በሻርፕ አስሮ፤
«ያችን ሁለት ፍሬ! ሌሊቱን ሲቆጠቁጠኝ አደረ ጉሮሮ።»
«መጀመሪያ ሐኪም ይይህ» ስለው ሳቀ።
«ምነው፣ አንቺ ደግሞ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?»
መንገዱን ተሻገረ።

በመስታወቱ አየሁት፣ ከማዶው መድኃኒት ቤት ሲወጣ።
አንዷን ያለ ውኃ ዋጠ።
ሌላዋን ለማታ፣ ከሳንቲሞቹ ጋር ኪሱ ከተተ።